ስሙ ባቡር ላይ ነው

ልጃችን ድሬዳዋ ላይ ወንድ ስትወልድ ስሙን ባለቤቴ እንዲያወጣ እሷና ባሏ ተስማሙ። ስም የሚወጣው በሰባተኛው ቀን ነው፤ እሱ ካልደረሰ የአማቻችን አባት ያወጣሉ። ባለቤቴ ስሙን ከቆቦ ይዞ ተነሳ። ለእኔም አልነገረኝም።

አውቶቡስ ያስመልሰኛል። እስከ አዲስ አበባ ግን እንደምንም ቻልኩት። ከዚያ ወዲያ ላለው መንገድ ልጄ የባቡር ትኬት ቆረጠችልን። በስድስተኛው ቀን ተሳፈርን። ባቡር አያስመልስም፤ አልሐምዱሊላህ።

አዳማ ሲቆም የቀትሩ ሰላት፣ ዙህር ደርሶ ነበር። በእኛ አገር ከቆቦ ደሴ የሚሄድ አውቶቡስ ለሰላት ይቆማል፤ ሹፌሩ ክርስቲያን ቢሆንም ሰግደን እስክንመለስ ይጠብቃል። መንገደኛ ሰላቱን ማዘግየት እንደሚችል ባለቤቴ ከእኔ የተሻለ ያውቃል። ግን ባቡሩ ቆመ፤ እሱም ወረደ። እኔ የውዱ መታጠቢያ ውሃ ይዤ ተከተልኩት። ሁለተኛው ረከዓ ላይ ሳለ ባቡሩ ሄደ። አላቋረጠም። ጨርሶ ዞረና ባዶውን ሐዲድ አየ።

"ሹፌሩ አላየንም" አለኝ።

ሻንጣችን ድሬዳዋ በሰዓቱ ገባ፤ አማቻችን ተቀበለው።

ቀጣዩ ባቡር ከነገ ወዲያ ነው አሉን፤ በስምንተኛው ቀን መሆኑ ነው። በባጃጅ ከተማ ገብተን አልጋ ያዝን። አዳማ ፎቁ ብዙ ነው፤ ሙቀቱ ግን የቆቦ ነው። ነገ በአውቶቡስ እንሂድ፣ እችለዋለሁ አልኩት። እንቢ አለ። እንግዲያው ስሙን በስልክ ንገራቸው አልኩት። ስም የሚነገረው በጆሮ ነው አለኝ። ስልክም ጆሮ ላይ እንደሚያዝ አላነሳሁበትም። ጫማውን እያወለቀ፣

"አንቺን ከሚያስመልስሽ ስሙ ይቅር" አለ።

ሠላሳ ዓመት አብረን ስንኖር ከዚህ የበለጠ ቃል አልሰጠኝም። አልጠየቅኩትምም።

በስምንተኛው ቀን ተሳፍረን ባቡሩ በቆመበት ጣቢያ ሁሉ ከወንበሩ አልተነሳም። ስሙ ወጥቶ እንደሚጠብቀን አምኖ ነበር የሚሄደው።

የአማቻችን አባት በር ላይ ተቀበሉን። የስም ማውጫው በጎች ትናንት ታርደዋል፣ እንግዳውም በልቷል። የልጁን ስም ለጠየቃቸው ሁሉ ግን፣

"ስሙ ባቡር ላይ ነው" ሲሉ ነው የዋሉት።

ባለቤቴ ልጁን ታቅፎ ስሙን በጆሮው ነገረው። ይዞት የመጣው የራሱን አባት ስም ነበር። ያማረ ስም ነው። የሰፈሩ ሴቶች ግን በዚያ በአንድ ቀን ለምደው ኖሮ እስከ ዛሬ "ባቡሬ" ነው የሚሉት። አልሐምዱሊላህ፣ በሁለቱም ሲጠሩት ይዞራል።