እንመለስ ያለው ማርቆስ ነበር

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኳትም፤ ዓይኗን እስክትከድን ድረስ አጠገቧ ነበርኩ፣ ግን አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም፤ ሌላውን ኃጢአቴን ሁሉ ዘርዝሬ፣ ይህቺን ብቻ በልቤ ሸሽጌ፣ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ተብዬ ወጥቻለሁ። ታዲያ ለማላውቃችሁ ለእናንተ ለመናገር ምን አደፋፈረኝ? ፊታችሁን ስለማላየው ይሆናል። እንግዲህ ስሙኝ።

ያደግኩት አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ነው። አባቴ ከጎጃም በመምህርነት ተመድቦ መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነበር። እኔም ተምሬ እዚያው ሴቻ ሥራ ያዝኩ። ማርቆስ ደግሞ የገረሴ ልጅ ነው፤ እኛ ሰፈር ቤት ተከራይቶ ያስተምር ነበር። ሁለታችንን ያወዳጀን ገደል ነው። ሌላው ሰው ቅዳሜ ሲሆን ዓሣ ሊበላ ወደ ሐይቁ ይወርዳል፤ እኔና ማርቆስ ገመድ ተሸክመን ከደጋ የሚወርዱትን ወንዞች ሽቅብ ተከትለን ሸለቆ ውስጥ እንገባለን። የሚዋኘውን እንዋኛለን፣ የሚወጣውን በገመድ እንወጣለን። «ምን ጠፍቷችሁ ነው እዚያ የምትገቡት?» ይሉናል። ምንም አልጠፋንም። ከሁለት የድንጋይ ግድግዳ መሐል ሆኖ ቀና ማለት፣ ከላይ እንደ መቀነት የቀጠነችውን ሰማይ ማየት፣ የራስን ድምፅ ከገደሉ መልሶ መስማት ደስ ይለን ነበር። በቃ፣ ይኸው ነው።

ማርቆስ አስቴር የምትባል ታናሽ እህት ነበረችው። አርባ ምንጭ ልትማር መጥታ እሱ ጋ ትኖር ነበር። እወዳት ነበር። ይህንንም ለማንም አልተናገርኩም፤ ለራሷም ቢሆን። እሷ ፊት ስሆን ድምፄ ይወፍራል፣ ደረቴ ይነፋል። ያ የተነፋ ደረት ነው ጉድ ያመጣው።

ሚሊኒየሙ ሊከበር ጥቂት የቀረው ጊዜ ነበር። አንድ ቅዳሜ አስቴር «ሁልጊዜ የምታወሩለትን ነገር ዛሬ ካላየሁ» ብላ ተከተለችን። የወንዙን ስም ልተወው፤ ወንዙ ምንም አላጠፋም። ከገረሴ በኩል ካለው ደጋ የሚወርድ ነው። እኔ ከዚያ በፊት ብቻዬን ሄጄ ከሸለቆው ውስጥ አንድ ፏፏቴ አግኝቼ ነበር፤ ማርቆስ እንኳ አላየውም። እሱን ላሳያት ፈለግኩ። «ይህን ያገኘው እሱ ነው» እንድትል ፈለግኩ። ስንት ሰው ለስንት ነገር ነፍስ ያጠፋል፤ እኔ ለዚህ ነው።

ፏፏቴው ጋ ለመድረስ አንድ ጠባብ መተላለፊያ ብቻ ሲቀረን ከገደሉ አፋፍ አንዲት ሴት ተጣራች። እንጨት ተሸክማ ነበር። በጋሞኛ እየጮኸች በእጇ ወደ ደጋው አመለከተች። እኔ ጋሞኛ ብዙም አይገባኝም። ማርቆስ ግን ቆመ።

«ላይ ዘንቧል ነው የምትለው» አለ። «እንመለስ።»

ቀና አልኩ። በላያችን ያለችው ሰማይ ጥርት ያለች ናት። «የታለ ዝናቡ?» አልኩት።

«እዚህ አይደለም፣ ደጋ ነው። ውሃው እኮ ነግሮ አይመጣም። ሁለታችን ብቻ ብንሆን እሺ፤ አስቴር አለች።»

እውነቱን ነበር። እውነቱን እንደሆነም አውቃለሁ። ያን ሁሉ ጊዜ ሸለቆ ለሸለቆ ስንዞር ደራሽ ውሃ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ቀርቼ ነው? አውቃለሁ። ግን ወደ አስቴር ዞሬ፣ እየሳቅሁ፣ «ፈሪ ወንድም ነው ያለሽ» አልኳት። እሷም ሳቀች። ማርቆስ ፊቱ ተለወጠ። «እሺ፣ ቶሎ አይተን እንመለስ» አለ። ያስገባኋቸው እኔ ነኝ። ከፊት የቀደምኩትም እኔ ነኝ።

መጀመሪያ የውሃው መልክ ተለወጠ። ቀጥሎ ቅጠልና ጭራሮ መጣ። ከዚያ ዳገት እንደሚወጣ የጭነት መኪና የሚያጉረመርም ድምፅ ሰማሁ። እኔ ከፊት ስለነበርኩ ለእግር የሚሆን ድንጋይ አገኘሁና ወጣሁ። ማርቆስ ግን ወደ ኋላ ዞሮ እህቱን ያዘ። ይዟት ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ። በሁለት እጁ ይዟት ነበር። ውሃው ሁለቱንም አንድ ላይ ወሰዳቸው።

ማርቆስን ታች ከዛፍ ሥሮች ጋር ተጠላልፎ ገበሬዎች አወጡት፤ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ ነበር። አስቴርን በማግስቱ ወንዙ ከሚሰፋበት፣ ከሙዝ እርሻው ዳር አገኟት።

አባታቸው አቶ ቦጋለ ከገረሴ መጡ። ሆስፒታሉ በር ላይ ነው ያገኘኋቸው። አፋቸውን የፈቱት በጋሞኛ ስለሆነ በአማርኛ ሴቱንም ወንዱንም አንድ አድርገው ነው የሚጠሩት። ትከሻዬን ያዙና «ልጄን ማነው እዚያ የወሰደው?» አሉኝ።

ሴትዮዋ ከላይ ሆና ጮኻለች እንጂ እኛ የተባባልነውን አልሰማችም። አስቴር የለችም። ማርቆስ ሆስፒታሉ ውስጥ ራሱን ስቶ ተኝቷል። «እኔ ነኝ» ማለት ስንት ቃል ነው? ሁለት። እኔ ግን ረጅሙን ተናገርኩ። «ዝናብ አለ፣ እንመለስ ብዬ ነበር፤ ማርቆስ እንቢ አለ» አልኳቸው። አስቡት። ውሸት እንኳ አልፈጠርኩም፤ የገዛ አፉን ቃል ነጥቄ በኔ አፍ አስገባሁት፣ የኔን በሱ።

ሊያምኑኝ አልፈለጉም ነበር፤ ግን እጃቸው ከትከሻዬ ወረደ።

ማርቆስ ነቃ። ከቤት ስንወጣ ያስታውሳል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ውሃው ወስዶበታል። ብቻችንን ስንሆን እጄን ይዞ «ምን ሆነን ነው? አንተ ንገረኝ፣ አንተን አምናለሁ» አለኝ። እግዚአብሔር ሁለተኛ ዕድል ሰጠኝ ማለት ነው። እኔም ሁለተኛ ዋሸሁ። ማርቆስ ዓይኑን ወደ ጣሪያው መለሰ። ከዚያ «አንተንም ልገድልህ ነበር። ይቅር በለኝ» አለኝ።

ይቅር አልኩት። ሰማችሁ? እኔ እሱን ይቅር አልኩት።

አባቱ ግን ደጃቸውን ከለከሉት። ከዓመት በላይ ገረሴ እየሄደ፣ ከአጥር ውጭ ቆሞ ይመለስ ነበር። በመጨረሻ የአገር ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ይዘው አቶ ቦጋለ ደጅ ሊንበረከኩ ተነሱ። እኔም አብሬ ሄድኩ። ሳር ይዤ፣ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ተንበርክኬ፣ «ልጅዎን ይማሩት» ብዬ ለመንኩ። በጋሞ ወግ ከእርቅ በፊት የተሸሸገ ነገር መውጣት አለበት፤ የተደበቀ ካለ እርቁ አይጸናም፣ መዘዝም ያመጣል ይላሉ። ከሽማግሌዎቹ ትልቁ ተነሥተው፣ እኔም እንድሰማ በአማርኛ ጭምር፣ «ያልተነገረ ቃል ያለው ሰው ካለ አሁን ያውጣ» አሉ። ሳሩ እጄ ውስጥ ጨቀየ፤ ጨብጬው ኖሯል። ሽማግሌው አንድ በአንድ ሲያዩን ዓይናቸው እኔ ላይም አረፈ፣ አለፈም። ዝም አልኩ። አቶ ቦጋለ ሳሩን ተቀበሉ። «ምሬዋለሁ» አሉ። ግን ልጃቸውን ቀና ብለው አላዩትም፤ እስከሞቱበትም ቀን እንደዚያው ነበሩ። እርቁ ያልጸናው በማን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ።

ከዚያ ወዲህ ሸለቆ ገብቼ አላውቅም። አላገባሁም። ሰው ሲቀርበኝ፣ አንድ ቀን ይህን ልነግራት ይሆናል ብዬ ስለምፈራ፣ ሳላውቀው እርቃለሁ። ሴቻ ላይ ማታ ማታ በረንዳዬ ተቀምጬ አባያ ሲጨልም አያለሁ። መሥሪያ ቤት «ዝምተኛ ነው፣ ጨዋ ነው» ይሉኛል። ማርቆስ አገሩ ተመልሶ አገባ፣ ሴት ልጅ ወለደ። ለበዓል ይደውልልኛል፤ የሱ ድምፅ ካልሆነ በበዓል ስልኬ አይጮህም።

ባለፈው ክረምት ልጁን ይዞ ለሠርግ አርባ ምንጭ መጣ። ትንሽ ልጅ ናት፣ ገና ትምህርት ቤት መግባቷ ነው። ወደ ሠርጉ ቤት ስሸኛቸው መንገዳችን ላይ የእንጨት ድልድይ ነበር፤ ዝናብ ጥሎ ስለነበር ከሥሩ ደፍርሶ ይወርዳል። ማርቆስ ድልድዩ አፍ ላይ ደርሶ ቆመ። የልጁን እጅ ከእጁ አውጥቶ በእጄ ላይ አኖረው።

«አንተ አሻግራት» አለኝ። «እኔ ራሴን አላምንም። አንተ ያኔም እንመለስ ያልክ ሰው ነህ።»

አሁንስ? አሁን እንኳ? ምላሴ አፌ ውስጥ ነበረ፤ ማንም አልያዘውም። ልጅቷ ግን ወደ ላይ እያየችኝ ትጠብቃለች። እጇን ጨብጬ አሻገርኳት። ማርቆስ መደገፊያውን እንደ ሽማግሌ እየዳበሰ ከኋላችን መጣና «ጌታ ይባርክህ» አለኝ። እኔም «አሜን» አልኩ።

ይቅርታ አልጠይቃችሁም። ልጅ ነበርኩ፣ ደንግጬ ነበር፣ አፍቅሬ ነበር አልልም፤ ይህን ሁሉ ለራሴ ብዬው አላጠበኝም። ይህን ኑዛዜ ከሰው ሁሉ አስቀድሞ መስማት የነበረበት ማርቆስ ነው። እሱ ግን ዛሬም እኔ ገደልኳት እያለ ይተኛል፣ እኔ ገደልኳት እያለ ይነሣል። እኔም ይኸው ለእናንተ አስቀድሜ ነገርኳችሁ፤ እናንተ ምንም ልታደርጉኝ ስለማትችሉ ነው።