በአንድ ቀን የተወለደ ቀበሌ

ባለፈው ሳምንት መታወቂያዬን ለማሳደስ ፒያሳ አጠገብ ወዳለ አንድ ቢሮ ሄድሁ። ከፊቴ የነበሩት እናት በዕድሜ የገፉ ነበሩ። ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠው ልጅ የልደት ቀናቸውን ጠየቃቸው፤ እንደማያውቁት ነገሩት።

«እንግዲያው መስከረም አንድ ልበለው» አለ።

 ከዓመታት በፊት በዚህችው ቀን የተነሳ አንድ ሰው መሬቱን ሊያጣ ነበር።

በመምህርነት የመጀመሪያ ምድቤ ከመካነ ብርሃን ባሻገር ያለች፣ ስሟን የማልጠራት የገጠር ቀበሌ ነበረች። ከደባርቅ ወዲያ መንገዱ ጭቃና ጉም ነው፤ ክረምት ላይ ከመኪና ይልቅ በእግር የሄደ ቶሎ ይደርሳል። በዚያ ክረምት የመሬት ይዞታ መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ሊገባ ስለነበር እኛን መምህራንን ለምዝገባ አሰማሩን። እኔ ደግሞ ሥርዓት እወዳለሁ። ሠንጠረዥ ውስጥ ባዶ ቦታ ሳይ እንቅልፍ አይወስደኝም።

አያ ይርጋ የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ የገብስ ቂጣ በተልባ አቅርበውልኝ እየበላሁ መቼ እንደተወለዱ ጠየቅኋቸው። በሚካኤል ዕለት መሆኑን፣ እናታቸውንም ገብስ ሲያጭዱ ምጥ እንደያዛቸው ነገሩኝ። ሚካኤል በየወሩ በአሥራ ሁለት ይውላል። የየትኛው ወር እንደሆነ ግን ማጨዱን ሰምቼም አላሰብሁበትም፤ ሠንጠረዤ ማጭድ የሚጻፍበት ቦታ አልነበረውም። መስከረም 1 ብዬ ጻፍሁ። ቀኑን ለማያውቅ ሁሉ እንደዚያው አደረግሁ። ዓምዱ ከላይ እስከ ታች አምሮ ሳየው ደስ አለኝ።

በዓመቱ የተጭበረበረ ሰነድ የሚለይ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጣ ተባለ። ለተማሪዎቼ ራሴ አስረዳኋቸው፤ ብዙ መዝገብ አይቶ የተለመደውን ይማራል፣ ካልተለመደው ላይ ቀይ ምልክት ያደርጋል አልኋቸው። ብዙም ሳይቆይ ከቀበሌያችን ግማሹ ሰው ቀይ ሆነ። ቀይ የሆነ ሰው ማንነቱን እስከ ጥር መጨረሻ ካላረጋገጠ መሬቱ ባለቤት እንደሌለው ተቆጥሮ ለሌላ ይሰጣል።

መጠራጠር ያን ጊዜ ገባ። ሰዉ መጀመሪያ ማሽኑን፣ ቀጥሎ እርስ በርሱ ተጠራጠረ፤ ጠላ ቤት ስገባ ወሬ ይቆም ጀመር። እውነቱን ለመናገር እኔም ቀይ የወጣባቸውን አያ ይርጋን ጠርጥሬ ነበር። ማሽን በባዶ አይጠረጥርም፤ ምናልባት በሁለት ስም ተመዝግበው ይሆናል ብዬ ነበር።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«መምር፣ አንተ ፊደል የቆጠርህ ነህ። ማሽኑ ምነው እኔን መረጠኝ?»

አብረን ወደ መሬት ጽሕፈት ቤቱ ሄድን። ሀብታሙ የሚባለው ባለሙያ የእኔ እኩያ ነበር። እሱ እንዳልወሰነ፣ ሲስተሙ እንደወሰነ ነግሮን ስክሪኑን አዞረልን። መስከረም 1፣ መስከረም 1፣ መስከረም 1። መንደሩ በሙሉ በአንድ ቀን ተወልዷል፤ የመዘገበውም አንድ ሰው ነው። እኔ ማሽኑን ብሆን እኔም እጠረጥር ነበር።

ዝም ልል ቃጣኝ። ሰነድ አጭበርብሯል ተብዬ ብከሰስስ? ግን አያ ይርጋ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ከስክሪኑ ይልቅ እኔን ያዩ ነበር። ቀኑን ከራሴ አውጥቼ እንደጻፍሁት ተናገርሁ።

አያ ይርጋ ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉ።

«እና ቀዩ ለአንተ ነበር የሚገባው በለኛ» አሉኝ።

ሀብታሙ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ከዚያ ግን ወረቀት አወጣ፤ ቀዩ ምልክት እንዲመረመር እንጂ እንዲፈረድ እንዳልተደረገ፣ መመርመሩ ደግሞ የእሱ ሥራ እንደነበር አመነ። የሽማግሌ ምስክርነት ከመጣ መዝገቡን ለማረም ቃል ገባ። ከዚያ በየቤቱ ዞርሁ። አሁን ቀን አልጠየቅሁም፤ የትኛው በዓል እንደነበርና ማሳው ላይ ምን እንደነበር ጠየቅሁ። በዚያ አገር ገብስ የሚታጨደው በኅዳር ነው፤ አያ ይርጋ የኅዳር ሚካኤል ልጅ ሆነው ተገኙ። አንድ ጥያቄ ብጨምር ኖሮ ያን ክረምትም አገኘው ነበር። ቀነ ገደቡ ሦስት ቀን ሲቀረው የመሬት ይዞታ ደብተራቸውን ተቀበሉ።

እኔን ግን ዳግመኛ አላመኑኝም። ከዚያ በኋላ የጻፍሁላቸውን ሁሉ መጀመሪያ በእኔ፣ ቀጥሎ በልጃቸው ያስነብቡ ነበር። መጀመሪያ ከፋኝ፤ በኋላ ግን ትክክል መሆናቸው ገባኝ። ማሽኑ ያጠፋው ነገር የለም ማለቴ አይደለም። የሰጠነውን ይዞ ይጠረጥራል፤ የሚያስፈራኝ እኛ የእሱን ጥርጣሬ ይዘን መጠየቅ ስናቆም ነው።

ፒያሳ ያለው ልጅ ጣቱ ቁልፉ ላይ ደርሶ ነበር። አንዴ ይቅርታ አልሁና እናትየዋን በየትኛው በዓል ሰሞን እንደተወለዱ ጠየቅኋቸው። ከኋላ ሰው አጉረመረመ። እሳቸውም ቦርሳቸውን ጠበቅ አድርገው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ለአንተ ምን ሊያደርግልህ ነው?»

ከዚያ ለእኔ ሳይሆን ለልጁ፣ ከጥምቀት በማግስቱ እንደሆነ ነገሩት። ጥር 12 ብሎ ጻፈና ወደ ሌላ ገጽ ሊያልፍ ሲል እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«ቆይ። የጻፍኸውን አንብብልኝ።»