የጓንዡ ደርሶ መልስ

ሰሞኑን መሪ ሰፈር፣ እናቴ ያለችበት ኮንዶሚኒየም፣ ጎረቤቷ ግድግዳውን ጀሶ እያስመታ ነው። እርጥብ የጀሶ ሽታ በበረንዳው ሲገባ የጠመኔ ሽታ ይሆንብኝና መምህር ጥላዬ ትዝ ይለኛል፤ ደሜም ይፈላል። ቀበና፣ ስምንተኛ ክፍል ጂኦግራፊ ያስተማረኝ ሰው ነው። ፊት ለፊት "እርስዎ" እለዋለሁ፤ በልቤ ግን አንተ ነው።

ጠዋት ጠዋት ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ የባሕር ዛፍ ሽታ ይዞ በተሰበረው የክፍላችን መስኮት ይገባል። መምህር ጥላዬ ቡናማ ካፖርቱን ሳያወልቅ፣ ጫፉ በተቀደደው የዓለም ካርታ ላይ በእንጨት ማስመሪያ ከተማ ከከተማ ይለካል። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ እስከ ቻይናዋ ጓንዡ ለካና "በአውሮፕላን ሄድክም መጣህም መንገዱ አንድ፣ ሰዓቱም አንድ" አለ። እጄን አውጥቼ "መመለሻው ይረዝማል" አልኩ። "ማስረጃ አምጪ!" አለኝ።

ማስረጃ ነበረኝ። እናቴ ጉርድ ሾላ ልብስ ትሸጥ ነበር፤ ዕቃዋን የምታመጣው ከጓንዡ ነው። ማንበብ አትችልም፤ አውሮፕላን ላይ እንቅልፍ የሚባል አይወስዳትም። ከተነሳች እስክታርፍ ኪሮሿን ይዛ ክብ ዳንቴል ትሠራለች። ስትመለስ የሠራችው ስትሄድ ከሠራችው ሁልጊዜ በሁለት ዙር ይበልጣል።

በማግስቱ ሁለት ሰማያዊ ዳንቴሎች ይዤ ሄድኩ። መምህሩ አንዱን ባንዱ ላይ ደርቦ ለክፍሉ አሳየ። "እናትሽ መቁጠር አይችሉም ማለት ነው" አለና በትልቁ ዳንቴል ሰሌዳውን ጠረገበት። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ማታ እናቴ ጠመኔውን አይታ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ምንም ሳትል አጠበችው። ቂም ያስያዘኝ ያ ዝምታዋ ነው።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። በዚያው እልህ ተምሬ ዛሬ ሥራዬ የበረራ ሰዓት ማስላት ነው። አምና የጓንዡን የመሄጃና የመመለሻ የበረራ ዕቅድ አትሜ ቀበና ቤቱ ድረስ ሄድኩ። ጡረታ ወጥቷል፤ ካፖርቱ ያው ነው። ወረቀቶቹን ዓይኑ ሥር አስጠግቶ አነበበ።

"መመለሻው ለምን ረዘመ?"

"ነፋስ ነዋ፣ መምህር። ወደ ምሥራቅ ሲሄድ ከኋላ ይገፋል፣ ሲመለስ ከፊት ይገጥማል።"

ቀይ እስክሪብቶ አውጥቶ "ትክክል" ብሎ ጻፈበት። "ማን አስተማረሽ?"

"እናቴ። በዳንቴል።"

እጁ ቆመ። ፊቱ ሲለወጥ ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። እስክሪብቶውን ከድኖ "በሕይወት አሉ?" አለ። "አለች" አልኩት። "ውሰጂኝ" አለ።

ቤቷ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ደረጃው ላይ ሲያለከልክ ክንዱን አልያዝኩትም። እናቴ ኪሮሿን ይዛ ተቀምጣለች። "እመቤቴ፣ ያኔ ያጠፋሁትን..." ብሎ ሲጀምር፣ ቀና ሳትል "ትንሽ ይቁሙ መምህር፣ ይቺን ዙር ልጨርስ" አለችው። ካፖርቱን እንደለበሰ ቆመ። ወንበር አላቀረብኩም። ዙሩን ጨረሰች፤ ሁለተኛውን ጀመረች። እሱም ሲያልቅ ነው "አሁን ይቀመጡ" ያለችው።

ከዚያ ወዲህ አልመጣም። ወረቀቱ ግን ቡፌው ላይ፣ ከሰማያዊው ዳንቴል ሥር አለ። እናቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር ታወጣውና በጣቷ ቀዩን እያሳየች "እስቲ ምን ይላል?" ብላ ታስነብባለች።