አልለሰልስ ያለው በር

እህቴ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ መውለጃዋ አለፈ። ከአምባሰል አውርደን ሐይቅ ከተማ ሐኪም ቤት ስናስገባት አዋላጇ የእንሽርት ውሃው ማነሱን ነገረችን። ልጁ ከዚህ በላይ እዚያ ውስጥ መቆየት የለበትም። ነገር ግን ምጡ እንዲመጣ መጀመሪያ የማህፀኗ በር መለስለስ ነበረበት። ለዚህ ከክኒን የተቆረጠች ትንሽ ቁራጭ በብልቷ በኩል አስገባችላትና «ተኚ፣ አትነሺ» አለቻት።

«የአፍንጫሽን ጫፍ ንኪው» አለችኝ እኔን፤ «አሁን በሩ እንደዚህ ነው። ከንፈርሽን ንኪ፤ እንደዚህ መሆን አለበት።» ከዚያ በኋላ እንደ እብድ አፍንጫዬን ስነካካ አደርኩ።

ሲነጋ ተመለሰችና አየቻት፤ በሩ ንቅንቅ አላለም። ሌላ ቁራጭ ጨመረችላት፤ ያው ነው። የመጀመሪያ ልጅ ሲሆን እንደሚዘገይ፣ ሰውነት ሲከብድም መድኃኒቱ እንደሚዳከም አስረዳችኝ። እምቢ ካለ ወደ ደሴ ሄዳ በቀዶ ጥገና ትወልዳለች አለች። ይኼን የሰማች እናቴ በጥብጣ ያመጣችውን ተልባ ከፈተች።

«እማ፣ የሆድ ድርቀት መሰለሽ እንዴ!» ብዬ ጮህኩባት።

«ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች» አለችና አጠጣቻት። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

ለዙሁር፣ ለቀትሩ ሶላት፣ እህቴ ልነሳ አለች። ራሷን ስላዞራት ውሃውን በጆግ ይዤ ሽንት ቤት ድረስ ደገፍኳት። ስትታጠብ ጣቷን አስገብታ አጥርታ ነው። ከውሃው ጋር ነጭ ፍርፋሪ ወረደ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ያ ክኒን ነዋ። እንዲህ እየረጠብኩ እንዴት ልሰግድ? ጧትም አጥቤ አውጥቼው ነው የሰገድኩ።»

ጆጉን መሬት አስቀመጥኩ። ልቆጣት ፈለግሁ፤ ቁጣው ግን አልመጣ አለኝ። ሳትነጻ ሰግዳ የማታውቅ ልጅ ናት።

ለአዋላጇ ስነግራት ግንባሯን ያዘች። «አትነሺ አልኳት እንጂ አትታጠቢ አላልኳትም» አለች። «ሰግዳ ስትመለስም አይቻታለሁ እኮ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ውሃው እዚያ ድረስ ይደርሳል ብዬ መች አሰብኩ?»

«ለታመመማ አፈሩ ይበቃል» አለች እናቴ። ከግቢው ንጹህ አፈር ዘግና አመጣችላት። እህቴ በአፈሩ ፊቷንና እጇን አብሳ፣ ተየሙም አድርጋ፣ እንደተኛች ሰገደች፤ አዋላጇ ያስገባችላት አዲሱ ቁራጭም ቦታው ላይ ቀረ።

ከሰዓት በኋላ በሩ ለሰለሰ። ወዲያው ምጡ ተከተለ፤ እውነተኛው፣ ወገብ የሚቆርጠው። አዋላጇ ማዳመጫውን ሆዷ ላይ አደረገች፤ ወደ ጎን አዛወረችው፤ ደግሞ ወደ ታች። ጓደኛዋን ጠራች፤ እሷም አዳመጠች። ከዚያ አዋላጇ እኔን ወደ ኮሪደሩ ሳበችኝ።

«የልጁ ልብ አይሰማም» አለችኝ። «ጧት ይሰማ ነበር፤ አሁን የለም። እኔው እነግራታለሁ፤ አንቺ ብቻ ከጎኗ አትራቂ።»

ያረቢ! ማንን ልርገም? ውሃውን? ሶላቱን? በጆግ ውሃ ያቀበልኩ እጄን? ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ፤ እንባ እንኳ እምቢ አለኝ።

ስገባ እህቴ በላብ ተነክራ ምጡ ፋታ ሰጥቷት ነበር። ከመጣን ወዲህ ፊቷ ሲበራ ያየሁት ያኔ ነው። እጄን አጥብቃ ያዘች።

«ሠራ አይደል?» አለችኝ። «ወላሂ፣ አሁን መድኃኒቱ ሠራ!»

«አዎ» አልኳት፤ «ሠራልሽ።»