ለቸርኬ ሰላምታ

ያን ቀን ጠዋት ታላቅ ወንድሜ ሮቤ ከተማ ባለው ግቢያችን ውስጥ ቁጢጥ ብሎ ቸርኬ ሰላም ይል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጎባ መንገድ አዲስ ሬንጅ እየፈሰሰበት ስለነበር መኪናችን በወጣች ቁጥር የአሉሚኒየም ቸርኬዎቿ ጥቁር ነጠብጣብ ለብሰው ይመለሳሉ። ወንድሜ ነጠብጣቡን በላምባ ያርሰዋል። ከዚያ ጨርቁን ይዞ ይጠብቃል። ሰዓት አያይም። እንደ ባሌ ሽማግሌ፣ ምንም ሳያስቀር፣ ቸርኬውን በኦሮምኛ ሰላም ይላል።

«አከም ጂርታ? ፈያዳ? መኒ ነጋ? ኢጆሌን ነጋ? ሎን ነጋ?»

ጤናውን፣ ቤቱን፣ ልጆቹን፣ በመጨረሻ ከብቶቹን «ነጋ?»፣ ሰላም ናቸው? እያለ ጠይቆ ሲያበቃ ሬንጁ ለስልሶ በአንድ ጠረጋ ይወጣል።

«ቸርኬ ከብት አለው እንዴ?» አልኩት።

«አንተ ምን አገባህ? ብቻ ጠይቅ።»

አንድ ቸርኬ ሳልጭር ካጸዳሁ መንዳት ሊያስተምረኝ ቃል ገብቶልኝ ነበር። ሦስቱን እሱ ጨረሰና አራተኛውን ለእኔ ተወ። ቸኮልኩ። ልጆቹ ጋ ስደርስ ከብቶቹን ዘልዬ በድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ፈገፈግሁት። ተጫረ።

«ከብቶቹን ረሳህ!» ብሎ በሳቅ ወደቀ። «ድስት መሰለህ እንዴ፣ አንተ ሞኝ? በል፣ ነገ ትሞክራለህ።»

ከሰዓት በኋላ ወንድሜ ደረቴን ወጋኝ አለ። ሽማግሌው ጎረቤታችን በዚያችው መኪና ወደ ጎባ ሆስፒታል ይዘውን በረሩ። እኔ ከኋላ ራሱን ደግፌ... ደረስን። ግን አልተረፈም። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

በማግስቱ ጠዋት፣ የለቅሶው ድንኳን ሲተከል፣ መኪናዋን አየሁ። አራቱም ቸርኬዎች እንደገና ሬንጅ በሬንጅ ሆነዋል። ያ ሁሉ ሰላምታ በከንቱ! ላምባና ጨርቅ አመጣሁ።

«ልጄ፣ ዛሬ መኪና ይታጠባል?» አለች አክስቴ።

የጫርኩትን ቸርኬ በላምባ አራስኩና ቀስ ብዬ ጀመርኩ። ጤናውን ጠየቅሁ። ቤቱን ጠየቅሁ። «ኢጆሌን...» ብዬ ጨርቁ ላይ አቀረቀርኩ።

«ኢጆሌን ነጋ? ሎን ነጋ?» አለ ሰው ከኋላዬ። ጎረቤታችን ናቸው። በከዘራቸው ተደግፈው ቆመዋል። «በየቀኑ በአጥር በኩል እሰማው ነበር» አሉኝ። «ከብት ሳይጠየቅ አይነካም።»

«ነጋ» አልኩ፣ በቸርኬው ፈንታ።

ከዚያ ጠረግሁ። ሬንጁ ወጣ። ከትናንቱ ጭረት ሌላ ጭረት አልነበረውም።

ጨርቁን ገለበጥሁና ወደሚቀጥለው ቸርኬ ዞርኩ።