ቆዳውን የቆረጠው እጅ

ደንበኞቹ «ታማኙ» ይሉታል። ምላጭ ጉሮሯቸው ላይ እያለ የሚያንኮራፉት እሱ ወንበር ላይ ብቻ ነው። እሱ ግን ይህን ቅጽል ስም አይወደውም። «እባካችሁ በስሜ ጥሩኝ» ብሎ አንድ ሁለቴ ለምኖ ነበር፤ ማን ሰምቶት።

ሙያው የአባቱ ነው። ሌላው ፀጉር አስተካካይ ሁሉ ተጠቅሞ የሚጥለውን ስስ ምላጭ ሲይዝ፣ እሱ እጀታው ውስጥ የሚታጠፈውን የድሮውን ይዞ ቀርቷል። ከእያንዳንዱ ሰው በፊት መስታወቱ አጠገብ የተንጠለጠለው ሰፊ ቆዳ ላይ ያመላልሰዋል፤ ጀርባው ቀድሞ፣ ስለቱ ተከትሎ። ጫፍ ሲደርስ ምላጩ በጀርባው ይገለበጣል። በስለቱ የገለበጠው ሰው ቆዳውን ይቆርጠዋል፣ የተቆረጠ ቆዳ ደግሞ የሚነካውን ስለት ሁሉ ያበላሻል። አባቱ ይህንን ለሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው ያስተማሩት ገና ፊደል ሳይቆጥሩ ነው።

ታዲያ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት በስለቱ የገለበጠው ራሱ ታማኙ ነው። ሱቁን ሊዘጋ ሲል አንዲት ቆንጆ በመስኮት አየችውና ጉራውን ሊነዛ እጁን አፈጠነ። ቆዳው የጣት ርዝመት ያህል ተቀደደ። ቆንጆዋ እንኳ ሳትስቅለት መንገዷን ቀጠለች።

አባቱ በማግስቱ ሲያዩት ጥያቄ አላበዙም። ታናሽየው ግራኝ ነበር፣ እሳቸው ደግሞ ድሮውንም ምላጭ በግራ እጅ ሲያዝ ማየት ይጎረብጣቸው ነበር። ታናሹ አመሻሹ ላይ ምላጭ ስሎ ስለነበር «እኔ አይመስለኝም» ከማለት በቀር መሟገት አልቻለም። ከሱቁ አስወጡት። ታማኙ አጠገባቸው ቆሞ ጭጭ አለ። ነገ እናገራለሁ አለ፤ ነገም መጣ፣ ሄደ። ወንድሙ ጭነት መኪና መንዳት ጀመረ፣ ውሎ አድሮም ጥፋቱ የራሱ እንደሆነ ራሱ አመነ።

ባለፈው ቅዳሜ አባቱ እንደ ልማዳቸው ሊላጩ ወንበሩ ላይ ተቀምጠዋል። ታናሹ ሊወስዳቸው መጥቶ አግዳሚው ላይ ሆኖ ያወጋል። ሴት ልጁ የፀጉር ሥራ ልማር ብላ አስቸግራዋለች፣ ምዝገባው ሰኞ ያበቃል፣ እሱ ግን አይሆንም ብሏታል። ልጅቷም ግራኝ ናት። ከእኔ የወረሰችው እጅ ምን ይሠራል ብሎ ሳቀ። አባቱም አብረው ሳቁ።

ታማኙ ግማሹን ጉንጭ ላጭቶ ነበር። ምላጩን ከአባቱ ፊት አነሳ። ዛሬም ዝም ካለ ልጅቷንም ያስወጣት እሱ ነው።

«አባባ፣ ያን ጊዜ ቆዳውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አለ።

አባቱ በመስታወቱ ውስጥ አዩት። ታናሹ ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ።

«ያን ማታ እኮ እኔም ስዬበት ነበር» አለ ታናሹ።

«ካንተ በኋላ ነው የሳልኩት። አንተ ስትጨርስ ደህና ነበር።»

ታናሹ ግራ እጁን ገልብጦ አየው። «ጋሼ፣ እኔ ይሄን እጅ ጠልቼው ነው የኖርኩት። ልጄን በግራሽ አትጻፊ ብዬ ጣቷን መትቻታለሁ።»

ታማኙ ይቅር በለኝ ሊል አፉን ከፈተ፤ ቃሉ ለዚህ ነገር ትንሽ ሆኖበት አፈረ። ሳይጠይቁ የፈረዱት ግን አባቱ ናቸው፣ ይህም ገብቷቸዋል።

«ልጅቷ ሰኞ ትመዝገብ» አሉ። ከዚያ ወደ ታናሹ ዞሩ። «ና፣ የቀረውን አንተ ላጨኝ። በግራህ።»

ታናሹ ተነስቶ ምላጩን ከወንድሙ ተቀበለ። ወደ አባቱ ጉንጭ አስጠጋው። ጣቶቹ የመኪና መሪ እንደ ጨበጡ ቀርተዋል፣ አያያዙን አያውቁትም። ትንሽ ታገለና ምላጩን ፎጣው ላይ አስቀመጠው።

«አባባ፣ ጠፍቶብኛል። አልችልም።»

አረፋው እየደረቀ ነበር። አባቱ ታላቁን ሳያዩ «ጨርሰው» አሉት። ታማኙ ምላጩን አነሳ። ሱቁ ውስጥ መላጨት የሚችል ሌላ ሰው አልነበረም።