በሠርጉ ጠዋት የባረቀው ጠመንጃ

አጎቴ ወንድ ልጁን የዳረበትን ቀን ዛሬም አልረሳውም።

ሠርጉ ብልባላ አጠገብ ባለው የአጎቴ ቤት ነበር። እኔና ታናሽ ወንድሜ በዋዜማው ከላሊበላ ሄደን እዚያው አደርን። ወንድሜ ልብስ ሰፊ ነው፤ የሙሽራውን ሱፍ በልኩ ያስተካከለውም እሱ ነው። ጠዋት ሚዜዎቹ ሲለባብሱ የቀሩት ወንዶች ከዳሱ ጀርባ ወጥተው ኢላማ ይተኩሱ ጀመር። ከአውድማው ማዶ፣ ተረተሩ ላይ፣ ቢጫ ጀሪካን አቁመዋል። ከጀሪካኑ ዝቅ ብሎ ሴቶች ከምንጭ ውሃ የሚያመላልሱበት መንገድ አለ። አንዲት ሴት ውሃ የጫነች አህያዋን እየነዳች ብቅ ስትል ይጮኹባታል፤ እሷ ጎንበስ ብላ ትሮጣለች፤ እነሱ ይስቃሉ።

ወንድሜ አንድ ጊዜ የሚሊሻ ሥልጠና ወስዶ ነበር። እዚያ የተኩስ ሜዳው ላይ፣ ከፊት ሰው አለመኖሩ ሳይረጋገጥ ማንም ጥይት አያጎርስም ነበር። ጠመንጃ እንደያዘ ወደ ጓደኞቹ የዞረ ሰው፣ ሽበታም እንኳ ቢሆን፣ በሁሉም ፊት ተቆጥተውት ከሜዳው ይወጣል። ይህን የለመደ ሰው ነውና ዝም ማለት አልቻለም፤ ወደ አጎቴ ጠጋ አለ።

«ጋሼ፣ ውሃ ቀጂዎቹ ይለፉና ይተኩሱ።»

«አንተ መርፌህን ያዝ!» አለው አጎቴ። አፉ አረቄ አረቄ ይሸታል፤ ገና ቁርስ እንኳ አልቀረበም። ሁሉም ሳቁ።

ተራው የአጎቴ ሆነ። ጠመንጃው ከአባቱ የወረሰው ነው። እንጨቱን በየጊዜው ቅቤ ስለሚቀባው ያብረቀርቃል፤ ውስጡን ግን ጠርጎት አያውቅም። ጥይቶቹም ዝገዋል። አነጣጠረና ቃታውን ሳበ። «ቃ» ብሎ ቀረ። ጥይቱ ከሸፈ።

ከጋሸና የመጡት እንግዶች ሲስቁ የአጎቴ ፊት ጠቆረ። መዝጊያውን ቢስበው፣ ቢጎትተው አልከፈት አለው።

«አፈሙዙን ወደ ተረተሩ እንዳዞሩ ይቆዩ፣ ጋሼ» አለ ወንድሜ። «የከሸፈ ጥይት ዘግይቶም ይባርቃል። አሁን አይነካካም።»

አጎቴ አልሰማውም። ሰደፉን ድንጋይ ላይ አቆመና መዝጊያውን በጫማው ተረከዝ ይረግጠው ጀመር። አፈሙዙ ወደ እኛ አዘነበለ። ወንድሜ «ይተዉት!» ብሎ ወደ ጎን ሊገፋው እጁን ሲዘረጋ ጠመንጃው ባረቀ።

ጢሱ ገለል ሲል ወንድሜ ግራ እጁን በቀኙ ጨብጦ ቁጢጥ ብሏል። ሁለት ጣቶቹ የሉም። የተቃጠለ ሥጋ ሸተተኝ። ዳሱ ውስጥ ያሉት ሴቶች የሆነውን ስላላወቁ በተኩሱ እልል አሉ። አጎቴም ጎንበስ አለ፤ ያነሳው ግን ወንድሜን ሳይሆን ጠመንጃውን ነው። የተረጨበትን ደም በጋቢው ጫፍ ጠረገና «ይሠራል አላልኳችሁም?» አለ።

«አንተ ምን ዓይነት ሰው ነህ!» ብዬ ጮኽኩ።

ዕድሜዬን በሙሉ አጎቴን አንቱ ስል ነው የኖርኩት። እዚያ የነበሩትን ሽማግሌዎች ከፈሰሰው ደም ይልቅ «አንተ» ማለቴ አስደነገጣቸው። «ነውር ነው፣ ልጄ» አለኝ አንዱ።

ሪባን የታሰረበት ሚኒባስ ደጅ ቆሟል። አጎቴ «የሙሽራዋ መቀመጫ በደም ሊበላሽ ነው?» ብሎ ከለከለን። ነጠላዬን በወንድሜ እጅ ላይ ጠምጥሜ ባጃጅ እስኪገኝ መንገድ ዳር ቆምን። ተሳፍረን ገና ሳንርቅ ተኩሱ እንደገና ጀመረ። ወንድሜ ራሱን ትከሻዬ ላይ ጣለና «ሴቶቹን አሳልፈው ይሆን?» አለኝ።

ሐኪሞቹ ቁስሉን አዳኑለት፤ ጣቶቹ ግን ቀሩ። ልክሰስ ብዬ ብነሳ ዘመዱ በሙሉ ተነሳብኝ። ሽማግሌዎች መጥተው «ሰይጣን ነው ያሳሳተው» አሉ፤ ወንድሜም ይቅር አለ። ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩና አጎቴን ስለዘለፍኩ ይቅርታ እንድጠይቅ አዘዙኝ። አልጠየቅኩም። የቀረበልኝን ጠላ ሳልቀምስ ተነስቼ ወጣሁ።

ክረምቱ እንዳለፈ አጎቴ ላሊበላ ወንድሜ ሱቅ ድረስ መጣ። እኔም እዚያ ነበርኩ። የተቀደደ የጥይት ዝናር ከፌስታል አወጣና ስፌት መኪናው ላይ ዘረጋው።

«ማን እንዳንተ ይሰፋልኛል!» አለ እየሳቀ።

ወንድሜ ዝናሩን በቀሩት ጣቶቹ አጥፎ መለሰለት። «ይሄን አልሰፋም፣ ጋሼ።»

«ታርቀን የለም እንዴ?»

«ታርቀናል። ይሄን ግን አልሰፋም።»

አጎቴ እያጉረመረመ ሄደ። በሄደበት ሁሉ ቂመኞች ናቸው ብሎ ስማችንን አጠፋው። ዛሬ ወንድሜ ሠርግ ሲጠራ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይተኮሳል ወይ?» ብሎ ነው። ይተኮሳል ካሉት አይሄድም፤ እኔም አልሄድም። ዘመድ «ኩሩ ናቸው» ይለናል። ይበለን።